ከሆራ እስከ ጠርሙስ፤ የአምቦ ውሃና የምዕራብ ሸዋ ከተሞች የስም ታሪክ

አዲስ አበባ ውስጥ ጥሬ ሥጋ ወይም ክትፎ የበላ ሰው አስተናጋጁን ጠርቶ «አንድ አምቦ አምጣልኝ» ሲል የአንድ ከተማ ስም መጥራቱን ልብ አይለውም። አስተናጋጁ በሌላ ፋብሪካ የተሞላ፣ ጋዝ ያለው ውሃ ይዞለት ቢመጣም ብዙ ጊዜ ሁለቱም «አምቦ» ማለታቸውን አይተዉም። የተጸውዖ ስም ወደ ወል ስም ተለወጠ የምንለው እንዲህ ያለውን ነው። ይህ ጽሑፍ ስሙ ይህን ጉዞ እንዴት እንደተጓዘ፣ ስሙ በገነነ ቁጥርም ከተማዋ ምን እንዳገኘችና ምን እንዳጣች ለመመርመር ይሞክራል። ጉዳዩ የታሪክና የመልክዓ ምድር ቢሆንም መነሻው የቃላት ነው። በአምቦና በአካባቢዋ ከምድር የሚፈልቀው ውሃ ሆራ፣ ጠበል፣ ፍል ውሃ፣ በመጨረሻም አምቦ ተብሏል። እያንዳንዱ ቃል የራሱን እንግዳና የራሱን ባለቤት ይዞ መጥቷል።

በሌሎች አገሮች የመዝናኛ ቦታ ታሪክ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው ከባሕር ዳርቻ ነው። እኛም ምጽዋና የግርግሱም ዳርቻ ነበሩን። ኤርትራ ነጻ መንግሥት ከሆነችበት ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ ግን የኢትዮጵያ ከተሜ ዕረፍቱን የሚፈልገው ከሐይቅና ከፍል ውሃ ሆኗል። ላንጋኖ፣ ሐዋሳ፣ ቢሾፍቱ፣ ሶደሬና ወንዶ ገነት ወዲያውኑ ይታወሳሉ፤ ሁሉም ከአዲስ አበባ ወደ ምሥራቅና ወደ ደቡብ የሚወርዱ ቦታዎች ናቸው። ወደ ምዕራብ የሚወስደው መንገድ ከዚህ ዝርዝር ለምን እንደሚቀር መጠየቅ ተገቢ ነው፤ የውሃ እጥረት እንዳልሆነ ግን ከወዲሁ መናገር ይቻላል።

አምቦ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 115 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2100 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። ቀድሞ የጅባትና ሜጫ አውራጃ፣ ዛሬ ደግሞ የምዕራብ ሸዋ ዞን ዋና ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምት የሚሄደው መንገድ ሆለታን፣ አዲስ ዓለምንና ጊንጪን አልፎ አምቦ ይደርስና ከዚያ ጉደርን፣ ጌዶንና ባኮን ይዞ ወደ ወለጋ ይዘልቃል። የዚህ ምድር ዋና ባሕርይ ውሃ አከፋፋይነቱ ነው። አዋሽ በጊንጪ አቅራቢያ፣ ከወርቄ ተራራ ግርጌ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ ይጓዝና ባሕር ሳያይ በአፋር ይቀራል። ከደንዲ ሐይቅ የሚወጣው ሁሉቃ አምቦን አቋርጦ ከጉደር ይቀላቀላል፤ ጉደርም ዓባይ ይገባል። ከደንዲ ብዙ የማይርቀው የወንጪ ሐይቅ ግን ውሃውን የሚልከው በወልጋ በኩል ወደ ግቤና ወደ ኦሞ ነው። እንግዲህ በፈረስ በአንድ ሁለት ቀን በሚዳረስ አገር ላይ የወረደ ዝናብ ከፊሉ ለሜድትራንያን፣ ከፊሉ ለቱርካና ሐይቅ፣ ከፊሉ ለአፋር በረሃ ይደርሳል።

ከመሬት በታች ያለው ነገር ደግሞ ከዚህ ይበልጥ ያስደንቃል። ጂኦሎጂስቶች ከየረር ተራራ ተነሥቶ እስከ ቱሉ ወለል ድረስ ወደ ምዕራብ የሚዘልቅ የእሳተ ገሞራና የስንጥቅ መሥመር መኖሩን ያስረዳሉ። ወንጪና ደንዲ በዚሁ መሥመር ላይ የተከፈቱ የእሳተ ገሞራ አፎች ናቸው፤ አምቦም የተቀመጠችው በስንጥቅ ዳር ነው። ከጥልቅ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በስንጥቁ አድርጎ ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር ይዋሐዳል፤ ውሃውም በዓለቱ ውስጥ ሲያልፍ ማዕድን ያሟሟል። ስለዚህ የአምቦ ውሃ ጋዙን ያገኘው ከመኪና አይደለም፤ ከምድር ይዞት ወጥቶ ነው። ከባዛልቱ ሥር ብቅ የሚለው የአሸዋ ድንጋይ፣ ግንበኞች «የአምቦ ድንጋይ» እያሉ ለአዲስ አበባ ሕንጻዎች ገጽታ የሚጠቀሙበት፣ የአፍሪካን ቀንድ ባሕር እያጥለቀለቀ ይሸሽ በነበረበት በሜሶዞይክ ዘመን የተነጠፈ ነው። አምቦ የባሕር ወግ ይገባታል የሚል ቢኖር ማስረጃው ይህ ብቻ ነው።

ከውሃው ስሞች መካከል ቀዳሚው ሆራ እንደሚሆን መገመት አያስቸግርም። ሆራ በኦሮምኛ ከብት የሚነዳበት ማዕድን ያለው ውሃ ነው። አርቢው በተወሰነ ጊዜ መንጋውን ወደ ሆራ የሚወስደው ጥሙን ለማርካት ብቻ ሳይሆን ጨዉን እንዲያገኝ፣ እንዲወፍርና ወተቱ እንዲበረክት ነው። በመሆኑም ሆራ ከመጠጥ ቦታነት አልፎ የመገናኛ ቦታ ነው፤ ተራ አለው፣ ሥርዓት አለው፣ ዜማ አለው። ከብቱ በተሰበሰበበት ሰው ይሰበሰባል፤ ወሬ ይለዋወጣል፣ ይተጫጫል፣ ይታረቃል። በዚህ ረገድ ሲታይ የምዕራብ ሸዋ የመጀመሪያው ጎብኚ ከብት ነበር ቢባል ፌዝ አይሆንም። ቢሾፍቱ የኢሬቻ በዓል የሚከበርበት ሐይቅ ሆራ መባሉም ቃሉ ከግጦሽ ወደ አምልኮና ወደ በዓል እንዴት እንደሰፋ ያሳያል።

ጠበል የሚለው ቃል ሲመጣ የእንግዳው መልክ ይለወጣል። ጠበልተኛው የሚመጣው ታሞ ወይም ተስሎ ነው። የውሃው ሙቀትና ጋዝ ለእሱ ቁም ነገር አይደለም፤ ፈዋሽነቱን የሚቀበለው በቅዱሱ ስም ነውና። በወንጪ ሐይቅ ደሴት ላይ ያለው የቂርቆስ ገዳም ሰውን ለዘመናት ሲጠራ የኖረው በዚህ መንገድ ነው። ፍል ውሃ ግን ከሁለቱም የተለየ፣ የሚታየውን ብቻ የሚናገር ቃል ነው፤ የፈላ ውሃ። ይህ ስም በሸዋ ታሪክ ውስጥ ከቤተ መንግሥት ጋር የተቆራኘ ነው። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወርደው በፊንፊኔ ፍል ውሃ አጠገብ ቤት እንዲሠራ ማድረጋቸውና አዲስ አበባ ከዚያ መነሣቷ የታወቀ ነው። የፊንፊኔው ምንጭም ቀድሞ ለኦሮሞው አርቢ ሆራ ነበር። ቤተ መንግሥቱ ወደ ውሃው ሲወርድ ውሃው ዋና ከተማ ወለደ፤ ከብቱም ከስፍራው ወጣ። የአምቦ ፍል ውሃ ደግሞ ከዋና ከተማው የአንድ ሁለት ቀን መንገድ ርቆ በመገኘቱ ዕድሉ ሌላ ሆነ። መኳንንቱ ሊታጠቡበትና ሊታከሙበት የሚሄዱበት እንጂ የሚቀመጡበት አልሆነም።

ቤተ መንግሥቱ ወደዚህ አቅጣጫ ለመሄድ አስቦ አያውቅም ማለት አይደለም። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የማገዶ እንጨት እጥረት ባስጨነቃቸው ጊዜ፣ በ1890ዎቹ መጀመሪያ፣ በዚሁ የምዕራብ መንገድ ላይ አዲስ ዓለምን ሁለተኛ ዋና ከተማ ሊያደርጓት ግንባታ አስጀምረው ነበር። ከአዲስ አበባ ወደ አዲስ ዓለም የተሠራው መንገድም ከኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ ዘመናዊ መንገዶች አንዱ ነው። ነገር ግን ባሕር ዛፍ ደረሰ፤ አዲስ አበባም ከመፈታት ዳነች፤ በአዲስ ዓለም የተጀመረው ቤተ መንግሥት ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ከተማዋ ግን የዋና ከተማነት ስሟን እንደያዘች ቀረች። ዓለሙ ሳይመጣ «አዲስ ዓለም» መባል የዚህ መንገድ የመጀመሪያው የስም ምፀት ነው፤ ብቸኛው ግን አይደለም።

እዚህ ላይ እስካሁን በቂ ትኩረት ያላገኘ የሚመስለኝን አንድ ነገር ላንሣ። በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ዘመን በመደበኛ ጽሑፍ ይሠራባቸው የነበሩትን የአካባቢውን ከተሞች ስሞች አንባቢ በአንድ ካርታ ላይ ቢያኖራቸው የሚያገኘው የአስተዳደር ካርታ ብቻ አይደለም። ሆለታ «ገነት» ናት፤ በ1927 ዓ.ም. በስዊድን መኮንኖች አሠልጣኝነት የተከፈተው የጦር ትምህርት ቤትም የሆለታ ገነት ይባል ነበር። ወሊሶ «ግዮን» ናት። አምቦ ደግሞ «ሀገረ ሕይወት» ናት። ግዮን በኦሪት ዘፍጥረት ከገነት ከሚወጡት አራት ወንዞች አንዱ፣ የኢትዮጵያን ምድር የሚከብበው መሆኑን የማያውቅ የቤተ ክርስቲያን ተማሪ የለም። ገነት፣ ግዮን፣ ሀገረ ሕይወት፤ ሦስቱ ሲነበቡ የምዕራብ ሸዋ ተራራ የኤዶም ገነት ሆኖ ይታያል። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ በዕቅድ ያደረገው ነው ማለቴ አይደለም። ስም አውጪው ግን የሚያስበው በግዕዝ መጻሕፍት ቋንቋ ስለነበረ ሞቃት ምንጭ ያለበትን፣ ወንዝ የሚነሣበትን፣ ለምለሙን አገር ሲያይ ወደ አፉ የሚመጡለት ቃላት እነዚህ ነበሩ። በሌላ በኩል ደግሞ ስሞቹ ባዶ መሬት ላይ የወረዱ አይደሉም። ሌላ ስም በነበረው፣ ባለቤቶቹ በሌላ ቋንቋ በሚጠሩት ምድር ላይ የተደረቡ ናቸው። ናዝሬትና ደብረ ዘይት በአዳማና በቢሾፍቱ ላይ እንደተደረቡት ማለት ነው።

የተደረበው ስም ዕድሜ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ደብረ ዘይትና ናዝሬት በከተሜው አፍ ገብተው ለረዥም ጊዜ ኖረዋል፤ ዛሬም የሚጠቀምባቸው አለ። ሀገረ ሕይወት ግን ከመዝገብ፣ ከካርታና ከደብዳቤ ራስጌ ብዙም ሳይወጣ ከአብዮቱ በኋላ ቀስ በቀስ ከዚያም ጠፋ። ለምን? በእኔ አስተያየት ከምክንያቶቹ አንዱ ጠርሙሱ ነው። የአምቦ ማዕድን ውሃ በጠርሙስ መሞላት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1930፣ አፄ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ በጫኑበት ዓመት ነው። ምንጩ ከከተማዋ አቅራቢያ ሰንቀሌ በተባለው ስፍራ ይገኛል። መንግሥት ከተማዋን ሀገረ ሕይወት እያለ ሲጽፍ ሕዝቡ በየገበያው ውሃውን አምቦ እያለ ይገዛ ነበር። ትርጉም የያዘው፣ መጽሐፋዊው ስም በወረቀት ቀረ፤ ትርጉሙን ብዙ ሰው የማይጠይቀው አጭሩ ስም በየጠረጴዛው ተቀመጠ። ስም አውጪዎቹ «ሕይወት» የሚለውን ቃል የሰጡት ለውሃው ፈዋሽነት ቢሆንም የውሃው ጠጪ ያንን ፈዋሽነት «አምቦ» በሚለው ቃል ውስጥ አስገብቶ ጨርሶታል። ሆዱ ሲነፋ፣ ሥጋ ሲከብደው፣ ወይን ጠጁን ሊያቀጥን ሲፈልግ የሚጠራው ይህንኑ ነው።

ነገር ግን ጠርሙሱ ስሙን ሲያድን የመንገዱን አቅጣጫ ገለበጠው። ከሆራ እስከ ፍል ውሃ ድረስ ሰው ወይም ከብት ወደ ውሃው ይሄድ ነበር። ከጠርሙሱ ወዲህ ውሃው ወደ ሰው ይሄዳል። የጫነው መኪና ወደ አዲስ አበባ ያመራል፤ ባዶው ጠርሙስ ተመልሶ ይመጣል። ሀብታሙ የአምቦን ውሃ ለመቅመስ አምቦ መሄድ አላስፈለገውም። ፋብሪካው በደርግ ዘመን በመንግሥት እጅ ቆየ፤ በ2001 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ ሳብሚለር የተባለው ዓለም አቀፍ የቢራ ኩባንያ የተሳተፈበት ሽርክና ሆነ። ባለቤቱ ሲለዋወጥ ስሙ አልተነካም፤ ንግዱ የቆመው በስሙ ላይ ነውና። ጉደርም ተመሳሳይ ዕጣ ደርሷታል። ከአምቦ 12 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ይህች ከተማ የወንዝና የፏፏቴ ባለቤት ብትሆንም አብዛኛው ሰው የሚያውቃት በቀይ የወይን ጠጅ ጠርሙስ ላይ በተለጠፈ ወረቀት ነው። ሁለት ጎረቤት ከተሞች ሁለት ጠርሙስ ሆነው በአንድ ጠረጴዛ ላይ ይገናኛሉ!

አምቦ የመዝናኛ ከተማ አልነበረችም ማለት ግን ስሕተት ይሆናል። በፍል ውሃው የሚሞላው መዋኛ፣ በዛፍ የተከበበው ሆቴል፣ ቅዳሜና እሑድ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ቤተሰብ የዚህ ታሪክ ክፍል ናቸው። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የምዕራቡን መንገድ ሠርተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1938 ለመላው የምሥራቅ አፍሪካ ግዛታቸው ባሳተሙት ዳጎስ ያለ የጉዞ መምሪያም መንገዶቻቸውን እየተከተሉ ከተሞቹን ዘርዝረዋል። ከነጻነት በኋላ፣ በ1939 ዓ.ም. የተከፈተው የእርሻ ትምህርት ቤት ለከተማዋ ሌላ መልክ ሰጣት፤ ዛሬ የአምቦ ዩኒቨርሲቲ ታሪኩን የሚቆጥረው ከዚያ ነው። በመሆኑም አምቦ የተማሪም የዋናተኛም ከተማ ነበረች።

ፈተናው የመጣው ቱሪዝም የመንግሥት ሥራ ሲሆን ነው። በ1954 ዓ.ም. ገደማ በአቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ መሪነት የተቋቋመው የኢትዮጵያ ቱሪስት ድርጅት «የ13 ወር ጸጋ» በሚለው መፈክር አገሪቱን ለዓለም አስተዋወቀ። ሥራው ታላቅ ነበር። ሆኖም ለውጭ እንግዳ የተመረጠው መሥመር አክሱምን፣ ላሊበላን፣ ጎንደርንና ባሕር ዳርን የሚያያይዘው፣ በአውሮፕላን የሚዳረሰው «ታሪካዊ መንገድ» ነው። ይህ ምርጫ «ታሪክ» የሚለውን ቃል ራሱን አጠበበው፤ ታሪክ ማለት ድንጋይ፣ ሐውልትና ግንብ ሆነ። የውሃ ታሪክ፣ የሆራ ሥርዓት፣ የአዲስ ዓለም ያልተፈጸመ ዋና ከተማ በመምሪያው ላይ ሰፊ ቦታ አላገኙም። የአገር ውስጡ ዕረፍተኛ በበኩሉ የባቡሩንና የስምጥ ሸለቆውን መንገድ ተከትሎ ወደ ሙቀቱ ወረደ። አምቦ የቀራት እንግዳ ወደ ወለጋ የሚያልፈው ነው። እሱም ምሳ ይበላል፤ አምቦ ይጠጣል፤ ይሄዳል።

ለሥነ ጽሑፍ ተማሪ ከዚህች ከተማ የወጣው ትልቁ ስጦታ ግን በጠርሙስ አልተሞላም። ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1928 ዓ.ም. በአምቦ አቅራቢያ ቦዳ በተባለ ቦታ ተወለደ። ገና የአምቦ ተማሪ ሳለ ስለ ንጉሥ ዲዮኒስየስና ስለ ሁለት ወንድማማቾች የጻፈው ተውኔት ንጉሠ ነገሥቱ በተገኙበት መታየቱን የሕይወት ታሪኩ ይመሰክራል። ይህ ልጅ ያደገው ከላይ የዘረዘርናቸው ስሞች ሁሉ በአንድ ጊዜ ሕያው በነበሩበት አካባቢ ነው። ኦሮምኛና አማርኛ፣ የግዕዝ ትምህርት፣ ሆራና ጠበል ጎን ለጎን ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1965 በእንግሊዝኛ ያሳተመውን ተውኔት በኦዳ ዛፍ መሰየሙንና አማርኛውን ከግዕዝ ጓዳ እየበረበረ ማወፈሩን ስናስብ፣ የቋንቋው ጥልቀት ከመጽሐፍ ብቻ የመጣ ነው ብሎ መደምደም ያስቸግራል። በ1998 ዓ.ም. ሲያርፍ ትውልድ ቦታው በጎብኚ መምሪያ ላይ ይህ ነው የሚባል ሥፍራ አልነበራትም።

ከ2006 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የከተማዋ ስም አዲስ ትርጉም ጨምሯል። በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ላይ በተነሣው ተቃውሞና በቀጣዮቹ ዓመታት አምቦ ሲባል ወጣቱና ሐዘኑ ይታወሱ ጀመር። በሰኔ 2012 ዓ.ም. የተገደለው ድምፃዊ ሀጫሉ ሁንዴሳ ተወልዶ ያደገባትና የተቀበረባት ከተማ ናት። ለአንድ ትውልድ «አምቦ» የሚለው ቃል ከመጠጥነቱ ይልቅ በዘፈንና በለቅሶ የሚታወቅ ሆኗል። የዕረፍት እንግዳ ግን ጸጥታን ይሻልና እነዚያ ዓመታት ለባለሆቴሉ የድርቅ ዓመታት ነበሩ።

አሁን ትኩረቱ ከከተማዋ ወደ ተራራው፣ ወደ ወንጪና ደንዲ ዞሯል። በወንጪ ነዋሪዎቹ በ1990ዎቹ በጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት እገዛ ማኅበር መሥርተው ፈረስ፣ ጀልባና መንገድ መሪ በተራ ያከራዩ ነበር። ተራ የሚለውን ቃል አንባቢ ከሆራው ያስታውሳል። በ2014 ዓ.ም. የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ወንጪን ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ብሎ መረጣት። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በ«ገበታ ለሀገር» ፕሮጀክት ከጎርጎራና ከኮይሻ ጋር ተመርጣ የተሠራችው የወንጪ ማረፊያ ደግሞ በ2016 ዓ.ም. ተከፈተች። በዚህም አምስተኛ ቃል መጣ፤ ሎጅ። የሎጁ እንግዳ እንደ ከብቱ ለጨው፣ እንደ ጠበልተኛው ለፈውስ አይመጣም፤ ለዕይታ ይመጣል፣ በአዳርም ይከፍላል። መንገዱ እንደገና ወደ ውሃው መዞሩ ታላቅ ለውጥ ነው። የፈረሱ ባለቤት ተራውን ይዞ ይቆያል ወይስ በፊንፊኔ እንደሆነው ሆራው ፍል ውሃ ሲሆን ከስፍራው ይገፋል የሚለው ግን ከሥነ ሕንጻው ውበት ይልቅ ሊጠና የሚገባው ጥያቄ ነው።

ለዚህም የሥነ ጽሑፍና የፎክሎር ተማሪ የሚያደርገው ድርሻ አለው። በጅባት፣ በደንዲና በወንጪ ከብት ወደ ሆራ ሲነዳ የሚዜመውን ዜማ የሚያውቁ ሽማግሌዎች ሳያልፉ መቅዳት፣ ስለየምንጩ የሚነገረውን ተረት በኦሮምኛም በአማርኛም ጎን ለጎን መሰብሰብ፣ «ሀገረ ሕይወት» የሚል ራስጌ ያላቸውን የአውራጃ ደብዳቤዎችና የቆዩ የጠርሙስ ልጣፎችን በአንድ መዝገብ ማኖር ለአንድ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚበቃ ሥራ ነው። ጀማሪው ተማሪ ሰንቀሌ ካለው ምንጭ ቢነሣና ሁሉቃን ይዞ እስከ ደንዲ ቢወጣ የሚበዛውን በአንድ የክረምት ዕረፍት ሊሰበስበው ይችላል።